ቀኝ እጇ የት ነበር

የሞላ ቆሽት ማረር የጀመረው ሚስቱ መብራት የኮምፒውተሩን ማውስ ነቅላ መሳቢያ ውስጥ የከተተች ዕለት ነው። ከዚያ በፊት ደህና ነበር ማለት አይደለም፤ እጁ ከተጎዳ ወዲህ ሞላ ደህና ውሎ ደህና ያደረበት ቀን የለም። እስከዚያ ዕለት ድረስ ግን የሚናደደው በእጁ ነበር፤ በሐኪሞቹ ነበር፤ አንዳንዴም በፈጣሪው። ማውሱ ከተነቀለ በኋላ ንዴቱ ስምና መልክ አገኘ። ስሙ ሰመረ ነው፤ በከተማው የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ኮምፒውተር የሚያስተምር፣ ሸሚዙን ሳይተኩስ ከቤት የማይወጣ፣ ጥርሰ ፍንጭት የዋጃ ልጅ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። "ሞላና መብራት የጽሕፈትና የኮምፒውተር አገልግሎት" ቆቦ ውስጥ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ከጌጤ ሻይ ቤት ጋር ግድግዳ ተጋርቶ የቆመ ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው። ማመልከቻ ይጻፍበታል፤ የሠርግ ጥሪ ይታተምበታል፤ መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ ፎቶ ኮፒ ይደረግበታል። ሞላ ከታይፕ ዘመን ጀምሮ በጣቶቹ የታወቀ ሰው ነበር። ባለጉዳዩ ፊቱ ቆሞ ብሶቱን ሲዘረግፍ ሞላ ሳያቋርጠው፣ ቁልፎቹንም ሳያይ እየተከተለ ይጽፋል፤ ሰውየው እንባውን ጠርጎ ዝም ሲል ማመልከቻው አልቆ ፊርማ ይጠብቃል። የፍርድ ቤት ደጅ ጠኚዎች "የሞላ ጣት ይሰማል" ይሉት ነበር።

መብራትንም ያገባት በእነዚሁ ጣቶች ነው። ወላጆቿ ከደቡብ ትግራይ መጥተው ዋጃ ላይ እህል የሚነግዱ ሰዎች ናቸው፤ እሷ ታይፕ ልትማር ቆቦ መጣች። ሞላ ከጎኗ ተቀምጦ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያነሳ በየቁልፉ ላይ ያስቀምጥላት ነበር። ትንሿ ጣቷ ቦታዋን ትስታለች፤ ሞላ ይመልሳታል፤ እንደገና ትስታለች። ውሎ ሲያድር ያቺ ትንሽ ጣት ቦታዋን አሳምራ እያወቀች እንደምትስት ሁለቱም ገባቸው። ሽማግሌ ተላከ፤ ተጋቡ። እንግዲህ ጎን ለጎን ተቀምጦ ማስተማር የት እንደሚያደርስ ከሞላ በላይ የሚያውቅ ሰው ቆቦ ውስጥ አልነበረም። ችግሩም ይኸው ነበር።

እጁን የበላው የወንድሙ የውሃ ፓምፕ ነው። ሽንኩርት የሚያጠጡበት ሞተር ቆሞባቸው ሊረዳ ወርዶ፣ ሲጎረጉረው ድንገት ተነሳና የሚሽከረከረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ቀኝ እጁን ጎትቶ አስገባው። እጁ አልተቆረጠም። "ተርፏል" ነው ሐኪሞቹ ያሉት። ጣቶቹ ግን ወደ መዳፉ እንደታጠፉ ቀሩ፤ አይዘረጉም፣ አይጨብጡም።

ከዚያ ወዲህ ሞላ ሌላ ሰው ሆነ። ድግስ ቢጠሩት አይሄድም። ከሰው ጋር አንድ ትሪ ከቦ ግራ እጁን መስደድ ከሞት ባሰበት፤ ለብቻው በሳህን ቢያቀርቡለት ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ጌጤ አንድ ቀን አዝና ስኳሩን አማስላ ሻይ ብትሰጠው "እጄ እንጂ እኔ አልሞትኩም!" ብሎ ብርጭቆውን ትቶላት ወጣና ስንት ጊዜ ሻይ ቤቷን ሳይረግጥ ከረመ። ስለ እጁ ያነሳ ሁሉ ጠላቱ ነው። ሚስቱም ብትሆን።

ወደ ኮምፒውተሩ ለመመለስ ሞክሮ ነበር። በግራ እጅ ብቻ መጻፉ እያዘገመም ቢሆን ይሄዳል። የገደለው ማውሱ ነው። ጽሑፉን ትቶ፣ ጠረጴዛውን ተሻግሮ ማውሱን ይዞ ሲመለስ ጣቱ የነበረበት ይጠፋዋል። አንዱ መስኮት በሌላው ላይ ይደረብና ሲጽፍ የቆየው ከሥር ይቀበራል። ሁለት ቁልፍ ባንዴ ተጫን ሲባል ደግሞ የግራ ጣቶቹ ከዳር ዳር አይደርሱለትም። ከሮቢት የመጡ አንድ ሽማግሌ ማመልከቻቸውን ሲጠብቁ ቆዩና "ግዴለህም ልጄ፣ እሷ ትምጣና ትጻፈው፤ አንተ ዕረፍ" አሉት። በቅንነት ነው ያሉት። ሞላ ብድግ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በገዛ ቤቱ የደንበኛ አግዳሚ ላይ እየተቀመጠ መዋል ያዘ፤ በሱ ወንበር ላይ መብራት ተቀመጠች። ሞላ በዚህ ዓለም ላይ ከምንም በላይ የሚፈልገው ያንን ወንበር ነበር። ይህን ግን ለራሱ እንኳ ጮክ ብሎ አይነግረውም።

ሰመረ የገባው በቫይረስ ሰበብ ነው። ደንበኛው ሁሉ በፍላሽ ቫይረስ ተሸክሞ ይመጣል፤ ኮምፒውተሩ ዛሬ ቢታከም ነገ ይታመማል። መብራት የአገሯን ልጅ አማከረችው፤ እሱም ሊነክስ የሚባል፣ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን፣ ማንም በነፃ ወስዶ እንደ ፈቃዱ ሊያበጀው የሚችል ሥርዓት በሲዲ ይዞ ከች አለ። እዚህ ድረስ ሞላም አልከፋውም። የከፋው ቀጥሎ የመጣው ነው።

"አየህ ሞላ፣ ማውስ የሚባል ነገር አያስፈልገውም" አለች መብራት፣ ድምፅዋ ውስጥ ሞላ ከሰማው የቆየ ደስታ ነበር።

"ሁሉም በቁልፍ ነው፣ ጋሼ" አለ ሰመረ። "መስኮቶቹንም እንደ ወለል ንጣፍ ጎን ለጎን ነው የሚያነጥፋቸው፤ አይደራረቡም። አንድ ብቻ ሲከፈት ስክሪኑን ይሞላዋል። ሁለተኛ ሲመጣ የመጀመሪያው ራሱ ጠጋ ብሎ ግማሹን ይለቅለታል። ሦስተኛም ቢመጣ እንደዚያው። ማንም ማንንም አይሸፍንም። ይዩት እስቲ።"

ሞላ አየ። ስክሪኑን ሞልቶ የነበረው መስኮት አንድ ቁልፍ ሲነካ ወደ ጎን ተገፋ፤ በቦታው አዲስ ገባ። ሌላ ሲጨመር ደግሞ የቀድሞው ተቆርሶ ጥግ ላይ ቀረ፤ የወልድያ ሚኒባስ ረዳት "ጠጋ፣ ጠጋ በሉ" እያለ ቀድሞ የተሳፈረውን ሰው መስታወት ላይ እንደሚያጣብቀው። ያ ጥግ ላይ የተጣበቀው ሞላ ራሱ መሰለው።

"ባለቤቱስ?" አለ።

"የቱ ባለቤት?"

"ቀድሞ የነበረው ነዋ!"

ሰመረ በፍንጭቱ ሳቀ። "እሱማ የትም አልሄደ ጋሼ፤ ቦታ አካፈለ እንጂ።" መብራትም ሳቀች። ይኼኔ ነው ማውሱን ነቅላ፣ ገመዱን ጠቅልላ፣ መሳቢያ ውስጥ የወረወረችው። ለምን አብረው እንደሳቁ ለሞላ አልገባውም፤ አብረው መሳቃቸው ግን አንገበገበው።

ከዚያ በኋላማ ሰመረ የቤቱ ሰው ሆነ። ከሰዓት በኋላ ክፍል ከሌለው ይመጣል፤ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከመብራት በስተቀኝ ይቀመጣል። ሁልጊዜ በስተቀኝ። ያ ሥርዓት እንዳለ የሚወሰድ አይደለም፤ የትኛው ቁልፍ ምን ይሥራ የሚለውን ሰው ራሱ እየጻፈ ነው የሚያዘው። ይጽፋሉ፣ ይሞክራሉ፣ ያጠፋሉ፣ እንደገና ይጽፋሉ። ሲፈጥኑ ወደ ትግርኛ ይገባሉ። ሞላ የገበያውን ትግርኛ ይሰማል፤ እነሱ ሲጣደፉ ግን ከንግግራቸው የሚደርሰው ሳቁ ብቻ ነበር።

"ይኼን ያህል የሚያስለፋ ምን አገኛችሁ?" አለ አንድ ቀን ከአግዳሚው ላይ።

"የቁልፎቹን ቦታ እየቀየርን ነው" አለች መብራት።

"በቦታቸው ምን ሆኑና ነው የሚቀየሩት?"

መብራትና ሰመረ ተያዩ። ትንሽ ነበር፤ እንደ ብልጭታ ነበር፤ ሞላ ግን ያዛት። "ለሥራ እንዲያመች ብለን ነው" አለች መብራት ወደ ስክሪኑ ዞራ።

ቀና። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። መጀመሪያ የቀናው በልጁ ቁመት፣ በልጁ ሸሚዝ፣ በልጁ አሥር ጣት ነበር። እያደር የባሰ ነገር መጣ። ቅናቱ ሚስቴን ይወስድብኛል ከሚለው አለፈና አስተማሪነቴን ወሰደብኝ ወደሚለው ዞረ። መብራትን ያስተማረ እሱ ነው! ጣቷን ቁልፍ ላይ ያስቀመጠ እሱ ነው! ዛሬ ሌላ ሰው "እንዲህ አድርጊ" ሲላት "እሺ" ስትል መስማት፣ ያውም እሱን ዘንግታ እንዲያ በደስታ "እሺ" ስትል መስማት፣ አንጀቱን ቆረጠው።

ቢጨንቀው ጌጤ ዘንድ ገባ። ጌጤ ሻይ ከመቅዳቷ በፊት የሰው ወሬ የምትቀዳ ሴት ናት።

"ሞልዬ፣ ምን ሆነሃል? ፊትህ ክረምት መስሏል።"

"ያ ልጅ ከቤቴ አልወጣ አለ።"

"የትኛው? ሰመረ? ኧረ በስማም፣ እያስተማራት እኮ ነው!"

"ማስተማር" አለ ሞላ ጥርሱን ነክሶ።

ጌጤ መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ ተንከተከተች። "ወይ አንተ! አንተስ በምን አገባሃት? ታይፕ እያስተማርክ አይደል? ሆሆይ፣ ዛሬ ዞሮ ገባልህ!" ለጨዋታ ነበር። ጌጤ የተናገረችውን በማግሥቱ አታስታውሰውም። ሞላ ግን ሻዩን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጎነጭ ተነሳ።

በበሩ አልገባም። ከመስታወቱ ውጭ፣ የሠርግ ካርድ ናሙና ከተለጠፈበት ወረቀት ሥር ቆሞ አጮለቀ። በዚያ ዕድሜው፣ በገዛ ቤቱ፣ እንደ ሌባ። መብራት ወንበሩ ላይ ናት፤ ሰመረ እንደ ልማዱ በስተቀኟ። ግራ እጇ ቁልፎቹ ላይ ይዘላል፤ ስክሪኑ ላይ መስኮቶቹ ይሰፋሉ፣ ይጠባሉ፣ ቦታ ይለዋወጣሉ። ግራ እጇ ብቻ። ሞላ አንገቱን አሰገገ። ቀኝ እጇ የለም። ጠረጴዛው ላይ የለም፣ ጭኗ ላይ አይታይም። ወርዷል፤ ወደ ሰመረ በኩል፣ ከጠረጴዛው በታች ወርዷል። አሥር ጣት እያላት፣ እሱ ራሱ አሥሩንም ያስተማራት ሴት፣ ለምን ባንድ እጇ ትጽፋለች? ቀኝ እጇ የት ነው?

በሩን በትከሻው ከፈተው። መብራት ደነገጠች። ከጠረጴዛው በታች ተንደፋደፈች፤ አንድ ነገር ፈታ፣ አንድ ነገር ደበቀችና ቀኝ እጇን ዘግይታ አወጣች። ፊቷ ደም መስሎ ነበር። አንጓዋ ዙሪያ ቀጭን ሰምበር አለ፤ ጠበብ ያለ አምባር አድርጋ የፈታች ይመስላል።

"እጅሽ ምን ሆነ?" አለ ሞላ።

"ምንም።" አንጓዋን በግራ እጇ ሸፈነችው። "ወንበሩ ነው። ወንበሩ ነካው።"

ሰመረ ላፕቶፑን ዘግቶ ተነሳ። "በሉ ጋሼ፣ ደህና ይዋሉ።" ደህና ይዋሉ ብሎ ወጣ!

አምባር ገዝቶላታል፣ አለ ሞላ በልቡ። አድርጋለት ፈታዋለች፤ እኔ ስገባ ፈታዋለች። ሞላ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን ቀኝ እጅ በየሄደበት ያያት ጀመር፤ ውሃ ስትቀዳ ያያታል፤ ጸጉሯን ስትሠራ ያያታል፤ በር ስትከፍት ያያታል። ራት ላይ ልታጎርሰው ስትዘረጋለት ፊቱን አዞረ። ጉርሻው አየር ላይ ቆየ። መብራት መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችውና ተነሳች።

ዋጃ ላይ የአክስቷ ባል ተዝካር ደረሰ። መብራት ለመነችው። "አብረን እንሂድ። አክስቴ አንተን ነው የምትጠይቀኝ።"

"ድግስ አልሄድም አልኩሽ።"

"እኔ እኮ አጠገብህ ነኝ። እኔ አጎርስሃለሁ፣ ማንም…"

"አልሄድም!"

መብራት ፈገግ ልትል ዳዳት። "ግዴለም። ሰኞ ብቻ ይድረስ" አለች።

"ሰኞ ምን አለ?"

"ይድረስ ብቻ" አለች።

ቅዳሜ ጠዋት እስከ መንገዱ ሸኛት። የአላማጣ ሚኒባስ ሲቆም ከመስኮቱ ብቅ ያለው ማን ነው? ሰመረ! የዋጃ ልጅ ነው፤ ሟቹ ጎረቤቱ ነው፤ ያን ዕለት ዋጃ ያልሄደ የዋጃ ሰው የለም። ሞላ ይህን ሁሉ ያውቃል። "መብራት፣ ነይ፣ ቦታ ይዤልሻለሁ!" ሲል ግን ማወቁ ምንም አልረባውም። ረዳቱ "ጠጋ በሉ" አለ፤ ሰው ጠጋ ጠጋ አለ፤ መብራት ከሰመረ አጠገብ ተቀመጠች። ሞላ ጭስና አቧራ ለብሶ መንገድ ዳር ቀረ።

ሱቁን ከፈተ። ኮምፒውተሩን አበራ። ስክሪኑ በራና ከላይ ካለችው ሰዓት በቀር ምንም የሌለበት ጥቁር ሆኖ ቆመ። የሚጫን ምልክት የለውም፤ የሚጎተት ነገር የለውም። ሞላ በግራ እጁ አንዱን ቁልፍ ነካ፤ ዝም። ሌላውን ነካ፤ ዝም። የገዛ ኮምፒውተሩ በር ላይ ቆሞ የማይከፈትለት እንግዳ ሆነ።

በዚህ መሐል አሊ የሚባል የጎብዬ ልጅ የሠርግ ጥሪውን ሊያሳትም ፍላሽ ይዞ ገባ። ቆሞ ጠበቀ። የሞላን ግንባር ላብ ሲያየው ጊዜ አዘነለት።

"ጋሼ፣ ባለፈው መምህሩ ልጅ… ሰመረ ነው የከፈተልኝ። ኮምፒውተሯን እሱ ነው የሚያውቃት። ልደውልለት? ወላሂ ስልኩ አለኝ።"

"ሰኞ ና!" ብሎ ጮኸ ሞላ።

"ጋሼ፣ ሠርጉ…"

"ሰኞ ና አልኩህ እኮ!"

አሊ ፍላሹን ጨብጦ ወጣ። ሞላ በሩን ከኋላው ዘጋ። ከመደርደሪያው የድሮውን የዊንዶውስ ሲዲ አወረደ፤ በካኪ ፖስታ ውስጥ፣ በራሱ የቀድሞ እጅ ጽሑፍ "አይጥፋ" የሚል ተጽፎበት ነበር። የደንበኞች ሥራ በሌላ ዲስክ ላይ ስለሚቀመጥ የሚጠፋው የእነሱ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለቱ ተቀምጠው ሲሥቁ የሠሩት ነገር። ማሽኑ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ አስጠንቅቆ ልቀጥል ወይ ሲል ጠየቀው። ሞላ በግራ ጣቱ "አዎ" አለ። ደስ አለው። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ እጁ ከተጎዳ ወዲህ እንደዚያች ሰዓት ደስ ብሎት አያውቅም።

ማውሱን ለመሰካት መሳቢያውን ሲከፍት ከማውሱ ሥር ከነጠላ ጫፍ የተቀደደ፣ አንድ ጫፉ የተቋጠረ ረዘም ያለ ጨርቅ አገኘ። መጥረጊያ መሰለው። ገፋ አደረገው። ሲጨርስ ያ የድሮው የዊንዶውስ አረንጓዴ ኮረብታ ከነሰማዩ ስክሪኑን ሞልቶ ወጣ፤ ሞላም ጌጤ ዘንድ ሄዶ ሻይ ጠጣ፤ ስኳሩን ራሱ አማስሎ።

መብራት እሑድ ተመለሰች። ሞላ ምንም አልተነፈሰም። ሰኞ ጠዋት ሱቁን አብረው ከፈቱ። አዲሱን ቀሚሷን ለብሳለች። ጠረጴዛውን ወለወለች፣ ኪቦርዱን እፍ አለችው፣ ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ስባ ቆመች።

"ዛሬ አግዳሚው ላይ አትቀመጥም" አለችው። "ና፣ እዚህ ተቀመጥ።"

ሞላ ልታፌዝበት መሰለው። አልተንቀሳቀሰም። መብራት እየሳቀች ኮምፒውተሩን አበራችው፤ በርቶ እስኪደርስ ወደ እሱ እያየች ትጠብቅ ነበር፤ ሕፃን ልጅ ስጦታ ሲፈታ የምታይ እናት እንደምትጠብቀው። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞረች።

አረንጓዴው ኮረብታ።

"ዋይ አነ" አለች መብራት ቀስ ብላ። የእናቷ ቋንቋ የሚመጣባት በጣም ስትጎዳ ነው።

ሞላ ሁለት ቀን ሙሉ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው። ቤቴ ነው፣ ኮምፒውተሬ ነው፣ ሚስቴ ነሽ የሚል። ፊቷን ሲያየው ንግግሩ በኖ ጠፋ፤ የቀረችው ያቺ ስትበላው የከረመች ጥያቄ ብቻ ነበረች።

"መጀመሪያ አንቺ ንገሪኝ" አለ። "ያን ዕለት ቀኝ እጅሽ የት ነበር?"

"ምን?"

"ከመስታወቱ ውጭ ቆሜ አይቻለሁ! እሱ አጠገብሽ ተቀምጦ በግራ እጅሽ ብቻ ስትጽፊ! ቀኝ እጅሽ ከጠረጴዛው በታች የት ነበር?"

ሲገባት ሞላ ከዓይኗ ላይ አየ፤ መስታወቱ፣ ጉርሻው፣ ኮረብታው፣ ሁሉም ባንዴ ሲገባት። አልጮኸችም። መሳቢያውን ከፈተች፤ ያንን ጨርቅ አወጣች። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። የተቋጠረውን ጫፍ በወንበሩ ጎን ብረት ላይ አጠለቀች፤ ሌላውን ጫፍ በቀኝ አንጓዋ ዙሪያ ጠመጠመችና ቋጠሮውን በጥርሷ ጎትታ አጠበቀችው። ሰምበሩ ላይ ልክ ገባ። ከዚያ የታሰረውን እጅ ከጠረጴዛው በታች አወረደችው።

"እዚህ ነበር" አለች።

ሞላ ጎንበስ ብሎ ቋጠሮውን አየ።

"ካላሰርኩት ሳላስበው እየወጣ ይጽፍብኛል" አለች። "አንተ እንዴት እንደምትሠራ ማወቅ የምችለው እንደ አንተ ስሆን ብቻ ነው። የቁልፎቹን ትእዛዝ ሁሉ ወደ ግራ አመጣነው፤ አንድም ጣት ከዚህ እስከዚህ ሩቅ አይሄድም። ማውስ የለም። የጻፍከውን የሚሸፍንብህ መስኮት የለም። በዚህ እጄ ብቻ አንድ ሙሉ ማመልከቻ ጽፌ፣ ታይቶ፣ ታትሞ፣ ሐሙስ ዕለት አለቀ። ለአክስቴም ተዝካሩ ላይ ነገርኳት። 'ሞላ ሰኞ ወደ ወንበሩ ይመለሳል' አልኳት። እልል አለች፤ በተዝካር!"

"ለምን…" አለ ሞላ። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"ስለ እጅህ ልንገርህ? አንተን?" አሁን ነው እንባዋ የመጣው። "ስኳር ያማሰለችልህን ሴት ያኮረፍክ ሰው!"

አስፋልቱ ላይ ከባድ መኪና አለፈና መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። መብራት እንባዋን በትከሻዋ ጠረገች፤ በግራ እጇ ስልኳን አውጥታ ነካካችና ድምፁን ከፍ አድርጋ ሞላ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"አንተ ንገረው" አለች።

ስልኩ ትንሽ ጠራ። "ሃሎ፣ መብራት!" አለ ሰመረ፣ ከጀርባው የተማሪ ጫጫታ እየተሰማ። "እ? እንዴት ሆነ? ጋሼ ተቀመጡ? ምን አሉ?"

የልጁ ድምፅ ውስጥ ያለው ደስታ ነው ሞላን የገደለው። እሱ አንድ ክረምት ሙሉ ሲጠላው የከረመው ልጅ "ምን አሉ" ብሎ ይጠብቀዋል።

"ሞላ ነኝ" አለ።

"ጋሼ! ወደዱት?"

"ጠፍቷል፣ ሰመረ። የሠራችሁት ሁሉ ጠፍቷል።"

"ኧረ! ምን አጠፋው? ቫይረስ ነው?"

አቀርቅራ የነበረችው መብራት ቀና አለች። ሞላ አዎ ማለት ይችል ነበር። ቫይረስ ነው ቢል ልጁ ያምናል፤ ቆቦም ያምናል።

"አይደለም" አለ ሞላ። "እኔ ነኝ። ቀንቼ ነው።"

ሰመረ አንድ በር ዘጋ መሰል፣ ጫጫታው ራቀ።

"ቅጂ አልያዝኩም ጋሼ" አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። "ከመጀመሪያው ነው የምንጽፈው። ክፍል አለኝ፤ ስጨርስ እመጣለሁ። እስከዚያ ማውሱን ይንቀሉት።" ዘጋው።

ሞላ በግራ እጁ የማውሱን ገመድ ይዞ ነቀለው። ጠቅልሎ መሳቢያው ውስጥ አስገባው። መብራት የታሰረውን እጇን ከጠረጴዛው በታች አወጣች።

"ፍታኝ" አለች። አልሳቀችም፤ ይቅር ብዬሃለሁም አላለች።

ሞላ ከወንበሩ አጠገብ ተንበረከከ። ቋጠሮውን በግራ ጥፍሩ ሞከረው፤ ጠብቋል፣ አልላላ አለ። ያ የታጠፈው ቀኝ እጁ ሊረዳ ተነሥቶ አንጓዋን ነካና እዚያው ቀረ። በመጨረሻ አንገቱን ደፍቶ ጨርቁን በጥርሱ ያዘ። ሰምበሩ ከንፈሩ ሥር ይሞቃል።

ጌጤ ሻይ በትሪ ይዛ በሩን በእግሯ ከፍታ ስትገባ አንዱ ብርጭቆ ሊወድቅባት ነበር። "ኧረ በስማም! በጠዋት! ምነው እናንተ፣ ሰው ቢገባስ አትሉም?"

ሞላ መልስ አልሰጣትም። አፉ ቋጠሮው ላይ ነበር።